ባለቤቱ የሌለበት መስመር

«ሲስተም የለም» የምትለዋን ቃል እጠላታለሁ። በዚያን ዘመን መካነ ሰላም ውስጥ ይህችን ቃል ያልሰማ ባለጉዳይ አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ሲስተም የለም፣ ጸሐፊዋ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ ሲስተም የለም፣ ኃላፊው ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ሲመጣም ሲስተም የለም። ሲስተሙ ግን ነበረ። የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ክፍሌ ውስጥ፣ ከወንበሬ አጠገብ፣ ቀን ከሌት እያጓራ ይሰራ ነበር። አጠገቡ ያለውን ነገር የለም ሲሉበት ዝም የሚል ሰው ካለ ትዕግስቱን ይስጠኝ፤ እኔ የለኝም።

ስሜ ኢልሀም ነው። አባቴ እዚሁ ከተማ ለልጆች ቁርአን ሲያቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ኮምፒዩተር ተምሬ ተመለስኩ። የተቀጠርኩት የይዞታ መረጃ ማዕከል በሚባል ቢሮ ነበር። ጊዜው ኢህአዴግ አገሩን በግምገማና በአንድ ለአምስት የሚያስተዳድርበት፣ የገበሬው መሬት እየተለካ ካርታው ከነባለቤቱ ስም ወደ ኮምፒዩተር የሚገባበት ነው። መረጃው ሁሉ የተቀመጠበት ዳታቤዝ እኔ ክፍል ባለው ሰርቨር ላይ ይሰራል። ሰርቨሩ አሮጌ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከሃያ ሰው በላይ አያስተናግድም። አንድ ሰራተኛ ከጠረጴዛው ሆኖ ወደ ዳታቤዙ ሲገባ አንድ መስመር ይይዛል፤ ዘግቶ ሲወጣ ይለቃል። ሃያው ከተያዘ የሚቀጥለው ሰው «ቦታ የለም» ተብሎ ይመለሳል። ቢሮው ውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮች ደግሞ ከሃያ ይበልጣሉ።

ረቡዕ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ እማማ ኑርጃን የመዝጋቢው መስኮት ስር አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የሚመጡት ከአባይ ሸለቆ አፋፍ፣ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ያን ሰሞን በተደጋጋሚ ተመላልሰዋል። ጉዳያቸውን ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል፤ የጨረሰላቸው ግን አልነበረም።

ያላቸው ማሳ አንድ ብቻ ነው፤ ዝግባ ስር ይባላል። ለኪዎቹ ቀበሌያቸው የደረሱ ጊዜ እሳቸው የታመመች እህታቸውን ሊያስታምሙ ደሴ ሄደው ነበር። ማሳው ያን ዓመት ጾም ያደረ ስለነበረ የጎረቤት ከብት ገብቶበታል። ለኪዎቹ ከብቱን አይተው «የወል ግጦሽ» ብለው መዘገቡት። ሽማግሌ ተቀምጦ አጣርቷል፣ ቀበሌው ስህተት መሆኑን በማህተም አረጋግጧል። የቀረው ዳታቤዙ ውስጥ ማስተካከል ነው፤ ይህን የሚያደርገው መዝጋቢው ፋሩቅ ነው፤ ብዙም ጊዜ አይፈጅበትም። ነገር ግን አርብ፣ ሰው ለጁምዓ ሲወጣ፣ መረጃው በዲስክ ተቀድቶ በመኪና ደሴ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ጸደቀ ማለት ነው። የወል የተባለ መሬት ደግሞ ለተደራጁ ወጣቶች እንደሚከፋፈል በስብሰባ ተነግሯል። እስከ አርብ ካልተስተካከለ እማማ ኑርጃን መሬት አልባ ናቸው።

«እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉኝ። «ያ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ ዛሬም አልገባ?»

«እማማ፣ ማነው የለም ያለዎት?»

በአገጫቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙኝ። ፋሩቅ እጁን አገጩ ስር አድርጎ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጧል። ፋሩቅ ከሁላችንም ቀድሞ የሚገባ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ እንዲህ ፈዝዞ ማየቴ አናደደኝ።

«ከጠዋት ጀምሮ እየሞከርኩ ነው» አለኝ። «ቦታ የለም ይለኛል። ምን ልበላቸው?»

«ሲስተም የለም አትበል፣ ሌላ ያሻህን በል» አልኩትና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? ዳታቤዙን ማን ማን እንደያዘው ጠየቅሁት። ሃያው መስመር ሙሉ ነው። ማን ከየትኛው ኮምፒዩተር እንደገባ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼና ምን እንደጠየቀ ሁሉ ይታያል። ሰዓቱን ሳይ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ቢሮው ሳይከፈት ተገብቶ ከዚያ ወዲህ ምንም ያልተሰራበት መስመር ነው የበዛው። ተይዟል፣ ተኝቷል። አንደኛው ለስብሰባ ደሴ ከሄደ የሰነበተ ሰው መስመር ነው።

በየክፍሉ ዞርኩ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ኮምፒዩተሮቹ አቧራ እንዳይነካቸው ነጭ ዳንቴል ለብሰዋል። ዳንቴሉን ገለጥ ሳደርገው ስክሪኑ በርቷል፣ ዳታቤዙም ተከፍቷል። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የጽዳት ሰራተኛችን ሸጋዬ ወለል ትወለውላለች።

«እትዬ ሸጋዬ፣ ይሄን ማነው የሚከፍተው?»

«እኔ ነኛ» አለች ሳትደነግጥ። «ጠዋት እያጸዳሁ እግረ መንገዴን እከፍትላቸዋለሁ። አርፍደው ሲመጡ ቦታ አጣን እያሉ ሲነታረኩ አሳዘኑኝ።»

«ፓስወርዳቸውንስ ማን ሰጠሽ?»

«ራሳቸው ናቸዋ። የሁሉም አንድ ሁለት ሶስት አራት ነው። አቶ አራጌ ብቻ የበኩር ልጃቸውን ስም አድርገዋል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ፋሩቅ ግን ፓስወርድ አማና ነው፣ አደራ አይሰጥም ብሎ እምቢ አለኝ። እሱ ነው ቦታ የሚያጣው፣ ምን ላድርገው?»

ባለጉዳይ የሚያስተናግደው አንድ ሰው ነው፤ ቦታ ያጣውም እሱ ነው። የተቀሩት ለቅሶ ይሄዳሉ፣ ስብሰባ ይሄዳሉ፣ ሻይ ይሄዳሉ፤ መስመራቸው በዳንቴል ተሸፍኖ ይጠብቃቸዋል። ሸጋዬ ደግሞ ያደረገችው በደግነት ነው፤ በደግ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል?

«የሄደ ሰው ወንበሩ ባዶ ነው ከሚባል፣ ቦታው ተይዞ ቢቆየው ምን አለበት?» አለችኝ። «ለነገሩ አንቺም ተይው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

መካነ ሰላም ውስጥ ውሃ ለመቅዳት ቦኖ ሳይሰለፍ ያደገ ሰው የለም። ጀሪካን ወረፋ ይይዛል፤ ይህ ያለ ነው። ነገር ግን ተራው ደርሶ ባለቤቱ ከሌለ ጀሪካኑ ወደ ጎን ይገፋል። የቄሱም የሼኹም ጀሪካን ይገፋል፤ ማንም አይቀየምም፣ ሲመጣ ከኋላ ይሰለፋል። እነዚሁ ሰዎች ቢሮ ሲገቡ ይህን ሕግ ከበር ጥለውት ይገባሉ። የአለቃ ዳንቴል ገልጦ መስመሩን መዝጋት አባቱን ከመሳደብ ይቆጠር ነበር።

ኃላፊያችን አቶ አራጌ ክፍል ገባሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ድሃ አይጠሉም፣ ጉቦ አይበሉም። የሚፈሩት ግን ዞኑን ብቻ ነው፤ ከዞን ስልክ ሲደወል ቆመው ነው የሚያነጋግሩት።

«አቶ አራጌ፣ ሃያው መስመር ተይዟል፤ አብዛኛው ላይ ሰው የለም። የእርስዎም አንዱ ነው። ፋሩቅ ባለጉዳይ ማስተናገድ አልቻለም።»

«የእኔ ለሥራ ነው የተከፈተው» አሉ። «ዞን ደውሎ ስንት ማሳ ገባ ቢለኝ እስክከፍት ጠብቁኝ ልበል? የአመራር መስመር አይነካም። ሃያው ካነሰ መቶ አድርጊው።»

«ማሽኑ አይችልም። እያንዳንዱ መስመር ጭነት ነው። የተኛውም ቢሆን ይከብደዋል።»

«እናንተ ባለሙያዎች አይቻልም ማለት ትወዳላችሁ። የጎደለው ማሽን አይደለም፣ ይቻላል የሚል አመለካከት ነው።»

ተከራከርኩ፤ አልሰሙኝም። ትዕዛዝ ነው አሉ። እሺ ብዬ መቶ አደረግሁት። የምስራቹ ከክፍል ክፍል ሲሰማ ለወጉ ብቻ የገባ፣ ሁለት ጊዜ የገባ፣ ገብቶ የሄደ፣ ሁሉም ከፈተ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰርቨሩ ተነፋፍቶ ቀጥ አለ። አመለካከት ለማሽን አይሰራም።

አቶ አራጌ ከበራቸው ብቅ ብለው «በቃ ለሕዝቡ ሲስተም የለም በሏቸው» አሉ። ያን ቀን ነው ቃሏ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የሆነችው።

እማማ ኑርጃን ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። አልተራገሙም፣ አላለቀሱም። ያ ነው የበለጠ ያበሳጨኝ።

«ማሽኑን አስነስቶ መረጃውን መፈተሽ ነገንም ይወስዳል» አልኳቸው። «አርብ በጠዋት ይምጡ። እኔ ኢልሀም ቃሌ ነው፣ ሳይጠናቀቅ አይመለሱም።»

«ቃል አትግቢ ልጄ፣ ቃል ይከብዳል።»

«ገብቻለሁ እማማ።»

«እንግዲያ ላሚቱን ለሰው አደራ ብዬ ልምጣ» አሉና ወጡ።

ሐሙስ ከሰዓት ሰርቨሩ ተነሳ። መቶውን ወደ ሃያ መለስኩትና አንድ ሕግ ጨመርኩበት፤ ሩብ ሰዓት ያልተሰራበት መስመር በራሱ ይቋረጣል። ከሕጉ ማንንም አላስቀረሁም። ከዚያ በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፌ መግቢያው በር ላይ ለጠፍኩት፤

«ባለቤቱ የሌለ ጀሪካን ወደ ጎን ይደረጋል። ሩብ ሰዓት ያልተሰራበት መስመርም እንዲሁ። ከአቶ አራጌ ጀምሮ።»

የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ባትኖርም ይሆን ነበር። ግን ደስ አለችኝ፤ ተውኳት።

ከሰዓቱ ሁሉ ስክሪኔን እያየሁ ዋልኩ። የተኛው መስመር እየተለቀመ ይወጣል፣ የሚሰራ ሰው ይገባል። ከሃያው ግማሹ እንኳ አልሞላም። ፋሩቅ መስመር አግኝቶ ባለጉዳዮቹን ሲጠራ ድምጹ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። ሃያ ማለት ለካ ብዙ ነው።

ወደ ማምሻው ላይ ግን ፋሩቅ ራሱ ክፍሌ ገባ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«የጻፍኩትን በላሽው» አለኝ። «ሰፈር ለቅሶ ነበር፣ ደርሼ ስመለስ የለም። የአንድ ሰው ሙሉ መረጃ ነው የጠፋው፣ ሴቭ አላደረግሁትም ነበር።»

«ለምን ዘግተህ አልሄድክም?»

«ከስንት ጊዜ በኋላ ያገኘሁትን መስመር ብለቀው መልሼ የማገኘው መሰለሽ? እኔም እንደ ሰዉ ይዤው ሄድኩ» አለ። ከዚያ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ልከተለው ፈለግሁ፤ ደግሞ ምን ልለው ነው? ሕጉ እሱን አስቀርቶ ሌላውን ቢቆርጥ ኖሮ ሕግ አይሆንም ነበር።

ከፋሩቅ ኋላ የአቶ አራጌ መልእክት ደረሰኝ። ወረቀቱ ይነሳ፣ ሕጉ ይሰረዝ የሚል ነው። «ሕጉን አልሰርዝም» ብዬ ላክሁ። ሌላ መልስ መጣ፤ አርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት የመላው ሰራተኛ አስቸኳይ ግምገማ፣ አጀንዳ ኢልሀም።

አርብ ስገባ እማማ ኑርጃን አግዳሚው ላይ ናቸው። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል፤ ሌሊቱን ነው የተጓዙት። ፋሩቅ መስኮቱ ጋ ቆሞ አንገቱን ነቀነቀብኝ። «ዛሬም ቦታ የለም» አለኝ።

አላመንኩትም። ሮጬ ስክሪኔን አየሁ። ሃያው ሙሉ ነው፤ የሚገርመው አንዱም አልተኛም። ሁሉም ከደቂቃዎች በፊት ሰርቷል። ሰዉ ደግሞ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ወደ አዳራሹ ሲገባ በመስኮቴ ይታየኛል። አዳራሽ የገባ ሰው እንዴት ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ይሰራል? ግራ እንደገባኝ ተጠራሁ።

«እማማ፣ እንዳይሄዱ» አልኳቸው ሳልፍ።

«ወዴት እሄዳለሁ? ቃሉን የገባሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። በረንዳው ስር ዲስኩን የሚወስደው መኪና ቆሟል፤ ሾፌሩ መስታወት ይወለውላል።

ግምገማ ያላየ ሰው ስብሰባ ነው ይለው ይሆናል። ስብሰባ አይደለም። ሰው መሃል አዳራሽ ተቀምጦ፣ አብሮት ሻይ የጠጣው ሁሉ እየተነሳ የሚወቅሰው፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ወቅሶ ይቅርታ የሚጠይቅበት ነው። ከግምገማ መሃል ተነስቶ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሰው ሽንቱን ይዞ ይውላል እንጂ አይወጣም።

አቶ አራጌ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የግለኝነት አመለካከት፣ የአመራር ክብር መንካት፣ የመንግሥት ሥራ ማሰናከል። አንዱ ተነስቶ «ጀሪካን ብላናለች» አለ። ሌላው «አቶ አራጌ የሚለው ስም ለሕዝብ በር ላይ መለጠፉ አሳዛኝ ነው» አለ። አንዲት ሴት ከኋላ «ቦኖ ቤት መሰላት» አለች። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ይሄኛው ግን ተጽፎ ተያዘብኝ።

«አሁን ተጎጂው ይናገር» አሉ አቶ አራጌ። «ፋሩቅ፣ ሕጓ ሥራህን እንዳጠፋው ለሰራተኛው ግለጽ።»

ማታ የወጣበት ፊት ትዝ አለኝ። ፋሩቅ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«እውነት ነው፣ የጻፍኩት ጠፍቷል» አለ። «የጠፋው ግን እኔ ስላልነበርኩ ነው። ለቅሶ ሄጄ ነበር። የሌለሁበትን መስመር ይዤ ሌላ ሰው ከለከልኩ። እኔ የማነሳው ሂስ በራሴ ላይ ነው።» ተቀመጠ።

አቶ አራጌ ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ። «ባልደረባ ኢልሀም፣ ግለ ሂስሽን እንስማ።»

ሰዓቴን አየሁ። ለጁምዓ መውጫ ጥቂት ነው የቀረው።

«አንድ ጥፋት አለብኝ፤ ዘግይቻለሁ» አልኩ። «ይሄን ሕግ ከተቀጠርኩበት ቀን ጀምሮ ማድረግ ነበረብኝ። አሁን እዚህ አዳራሽ የተቀመጥን ሰዎች ሃያውንም መስመር ይዘነዋል። ውጭ አንዲት እናት መሬታቸውን ሊያጡ ተቀምጠዋል። መኪናው ቆሟል። እኔ እናንተን ቁጭ ብዬ ስሰማ መሬታቸው ይሄዳል። ይቅርታ አልጠይቅም። ሥራ አለኝ።»

ተነሳሁ። «ተቀመጪ» አሉ አቶ አራጌ። አልተቀመጥኩም። በወንበሮቹ መሃል ስሄድ ጉልበታቸውን የሰበሰቡልኝም ያልሰበሰቡልኝም ነበሩ። በሩን ከፍቼ ስወጣ ከኋላዬ ሌላ ወንበር ተገፋ። ፋሩቅ ነው።

ኮሪደሩ ላይ የገባኝን ነገር አልረሳውም። የአቶ አራጌ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ሸጋዬ ውስጥ ነች፤ ዳንቴሉን በአንድ እጇ ገልጣ በሌላው «ፈልግ» የሚለውን ቁልፍ ትጫናለች። ከዚያ ዳንቴሉን አልብሳ ወደሚቀጥለው ክፍል ልትሄድ ዞረች።

«እትዬ ሸጋዬ!»

«ምን ላድርግ?» አለች። «ማታ አዘዙኝ። እንዳይተኛባቸው በየሩብ ሰዓቱ እየዞርኩ ተጫኚ አሉኝ። ከንጋት ጀምሬ ስዞር እግሬ አለቀ። አንድም ክፍል አልጠረግሁም።»

ለካ እኔ የተኛውን ላስነሳ ሳስብ እነሱ የሚቀሰቅስ ሰው ቀጥረዋል። ንዴቴ ከእግሬ እስከ ራሴ ወጣ። በሸጋዬ አልነበረም።

«እጅሽን አንሺ» አልኳት። «የእማማ ኑርጃን መሬት ነው የምትጫኚው።»

«ይቆጡኛል።»

«በእኔ ያድርጉት። እኔ አስቆምኳት እላለሁ።»

ቁልፉን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ የአቶ አራጌ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና እግሯን ዘረጋች። «እንግዲህ አላህ ያውቃል፣ ደክሞኛል» አለች።

ክፍሌ ገባሁ። ለዳታቤዝ ጠባቂ የተለየች አንዲት በር ትቀመጣለች፤ ሃያው ቢሞላም እሷ አትሞላም። በእሷ ገባሁ። በዚያች በር የፈለግሁትን መጻፍም እችል ነበር። ግን እኔ ቁልፍ ጠባቂ ነኝ፤ የሰውን መሬት የሚጽፈው ስሙን አስቀምጦ የሚጠየቅበት መዝጋቢ ነው። የእኔ ሥራ በሩን መክፈት ነው። ከላይ ጀመርኩ። አቶ አራጌ፤ ቆረጥኩ። ምክትላቸው፤ ቆረጥኩ። ደሴ የሰነበተው፤ ቆረጥኩ። ሃያውንም በየተራ ቆረጥኳቸው፤ እስከ ዛሬ እንዲህ ጣት የሚያሞቅ ሥራ ሰርቼ አላውቅም።

«ፋሩቅ፣ ግባ» ብዬ ጮህኩ።

ትንሽ ቆይቶ «ገባሁ» አለ።

መስኮቱ ጋ ስደርስ ፋሩቅ የቀበሌውን ማህተም ከስክሪኑ ጋር እያስተያየ ይጽፋል። አልተቻኮለም፤ እንዲቸኩልም አላልኩትም። «የወል ግጦሽ» የሚለው ጠፋ። ስም ገባ። ሴቭ አደረገ። ሁለተኛ ከፍቶ አረጋገጠ። ዲስኩ ገና አልተቀዳም፤ መኪናውም እንደቆመ ነው።

«አለቀ እማማ» አላቸው።

እማማ ኑርጃን ከአግዳሚው ተነሱ፤ ግን ወደ በሩ አልሄዱም። «አሳየኝ» አሉ። ፋሩቅ ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዞረላቸው። በትልቁ የቀበሌ ካርታ ጠርዝ ላይ አንዲት ጠባብ ቁራጭ ትታያለች።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ቁርአን እንጂ የእናንተን ፊደል አላነብም። የተጻፈውን በልልኝ።»

«ኑርጃን ይማም» አለ ፋሩቅ፣ ከፍ አድርጎ።

ከአዳራሹ የወጣው ሰው ኮሪደሩን ሞልቶታል። አቶ አራጌ ከፊት ናቸው፤ ክፍላቸው ገብተው ስክሪናቸው ተዘግቶ፣ ሸጋዬ ወንበራቸው ላይ ተቀምጣ አይተዋል። ፊታቸው ደም መስሏል። በፋሩቅ ትከሻ ላይ አሻግረው ካርታውን አዩት።

«ለዚች ነው?» አሉኝ። «ጥፍር ለምታክል ቁራጭ ነው ግምገማ ረግጠሽ የወጣሽው? ሃያ ሰው የቆረጥሽው?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። እማማ ኑርጃን ቀደሙኝ።

«አዎ ጌታው፣ ለዚችው ነው» አሉ። ድምጻቸውን አላነሱም። «እናንተ ሃያውን ይዛችሁ አንዱም ላይ የላችሁም። እኔ ያለችኝ አንዲት ናት፤ እሷ ላይ ግን አለሁ።»

አቶ አራጌ ፊታቸውን ከእሳቸው ወደ እኔ አዞሩ። «ደጎሎ ቅርንጫፍ ትሄጃለሽ» አሉ። «ደብዳቤሽ ሰኞ ይደርስሻል።»

«እሄዳለሁ» አልኩ። «እዚያም ሰርቨር አለ።»

ፋሩቅ ስክሪኑን ወደ ራሱ መለሰና አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

«ቀጣይ» አለ፤ አንድ አዛውንት ከሰልፉ ወደ መስኮቱ ቀረቡ።